የሸክላው የትውልድ አገር

የአገራችን ሰው እንግዳ ሲመጣበት ከሰላምታ በኋላ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አገርዎ ወዴት ነው?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ ለሰው እንጂ ለዕቃ ማቅረብ አልለመድንም። በየቤታችን ያለው ዕቃ ግን አብዛኛው እንግዳ ነው፤ ባሕር ተሻግሮ፣ በከባድ መኪና ተጭኖ፣ ተራራ ወጥቶና ወርዶ የመጣ ነው። ከእነዚህ እንግዶች አንዱ አባቶቻችንና እናቶቻችን በማጫወቻ ላይ እያዞሩ ይሰሙት የነበረው የዘፈን ሸክላ ነው።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልነግራችሁ ያሰብሁት፣ አንድ አሮጌ ሸክላ በእጃችሁ ቢገባ «አገርህ የት ነው? ማን ሠራህ? እንዴትስ ተሠራህ?» ብላችሁ እንድትጠይቁትና የሚሰጣችሁን መልስ እንድታነቡ ነው። ነገሩ የጨዋታ ብቻ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ የሰው ሐቅ የሚወድቅበትና የሚነሣበት ነው።

እኔ የምኖረው በከሚሴ ከተማ ነው። ከሚሴን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ኮምቦልቻ ሳይደረስ የምትገኝ፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧ የጨፋ ሸለቆ ተዘርግቷል፤ የቦርከና ወንዝ እየተጠማዘዘ ያልፍበታል፤ በበጋ ወራት ሣርና ውሃ ፍለጋ ከሩቅ የሚመጡ ከብቶች ይሰማሩበታል። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነው። ገቢ ደብዳቤ እመዘግባለሁ፤ ለወጪ ደብዳቤ ቍጥር እሰጣለሁ፤ የጠፋ ፋይል እፈልጋለሁ። ይህን መንገሬ ስለ ራሴ ለማውራት አይደለም፤ ሸክላን መመርመር ከመዝገብ ቤት ሥራ ጋር በጣም እንደሚመሳሰል ወደ ኋላ ስለምታዩት ነው።

ይህ አካባቢ ለዘፈን ባዕድ አይደለም። በአገራችን ሙዚቃ የታወቁት አራቱ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ ናቸው። ከእነዚህ ሁለቱ የወሎ ቦታዎች ስሞች ናቸው። ሰኞ ሰኞ ትልቅ ገበያ የሚቆምባት ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አሰብ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት፤ አምባሰልም ከደሴ በስተሰሜን ያለው ተራራማ አገር ነው። ድምፁ የእኛ ነው፤ ቅኝቱ የእኛ ነው። ያን ድምፅ የተሸከመው ጥቍር ክብ ነገር ግን የተሠራው ባቲና አምባሰል የሚባሉትን ስሞች ሰምተው በማያውቁ ሠራተኞች እጅ ነው። እንዴት እንዲህ ሆነ? ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድማችሁ ዕወቁልኝ።

ከኢትዮጵያውያን መካከል ድምፁ በሸክላ ላይ በመቀረጽ ቀዳሚ መሆኑ የሚነገርለት ተሰማ እሸቴ ነው። ይህም የሆነው ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ ውስጥ በጀርመን አገር ነው። ብዙ ዓመታት ቈይተው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በፒያኖ የተጫወቷቸው ድርሰቶቻቸው በ1960ዎቹ በዚያው በጀርመን አገር በሸክላ ወጡ። ሙላቱ አስታጥቄም «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሥራዎቹን በ1966 ያወጣው በኒው ዮርክ ነው። እንግዲህ ከጥንት ጀምሮ የኢትዮጵያ ድምፅ ሸክላ ለመሆን ሲፈልግ መንገደኛ ነበር ማለት ነው።

በአገር ውስጥም ቢሆን ነገሩ ቀላል አልነበረም። በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ ግን በ1969 ይህን አጥር ደፍሮ ዘለለና «አምሃ ሪከርድስ» የተባለውን ድርጅት አቋቋመ። መጀመሪያ ያሳተመው የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ነበር። ዘፈኑ አዲስ አበባ ተቀረጸ፤ ሸክላው ግን የታተመው በህንድ አገር ነው። ኋላም የድርጅቱ ሸክላዎች በሊባኖስ ይታተሙ ነበር። አምሃ እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ያህል ትልልቅ ሸክላዎችን ካወጣ በኋላ ወደ አሜሪካ ሄደ። በዚያው ዓመት በሊባኖስም የእርስ በርስ ጦርነት ተጀመረ። የአሊ አብደላ ካይፋ «ካይፋ ሪከርድስ»ና ሌሎችም ሥራውን ጥቂት ጊዜ አስቀጠሉት፤ ዳሩ ግን ካሴት እየበረታ መጣ፤ ከ1978 ወዲህ የሸክላው ዘመን አበቃ። ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ የወጡት ዘመናዊ የኢትዮጵያ ዘፈን ሸክላዎች በጠቅላላው ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሾችና ወደ 30 የሚጠጉ ትልልቆች ናቸው። አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

አሁን ወደ ከሚሴ ልመልሳችሁ።

በጎረቤቴ አንዲት አረጋዊት እናት አሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «አዴ» እያለ ይጠራቸዋል፤ በኦሮምኛ ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። ሟቹ ባለቤታቸው በአውራ ጎዳናው ዳር ሻይ ቤት ነበራቸው። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሲመጡና ሲመለሱ ዐርፈው ሻይ የሚጠጡበት፣ ባለቤቱም በባትሪ በሚሠራ ማጫወቻ ዘፈን የሚያሰሙበት ቤት ነበር። ሻይ ቤቱ ዛሬ የለም፤ ማጫወቻውም ተሰብሮ ተጥሏል። የቀረው 14 ሸክላዎች ያሉበት አንድ የእንጨት ሣጥን ነው። ይህ ሣጥን ለብዙ ዓመታት በአልጋ ሥር ተቀምጦ ኖረ።

ባለፈው ዓመት የአዴ የልጅ ልጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ ተመደበች። ፍራሽ፣ ብርድ ልብስ፣ የመንገድ ገንዘብ ያስፈልጋል። በዚሁ መካከል አሮጌ ዕቃ የሚገዛ አንድ ሰው ወደ ከተማችን መጣና ሣጥኑን አየ። ትንንሾቹን ሸክላዎች አንድ በአንድ እያነሣ በመሃላቸው ያለውን ክብ ወረቀት ካነበበ በኋላ እንዲህ አለ፤ «አዴ፣ እነዚህ እኮ የአገር ውስጥ ሥራ አይደሉም። ይኸው ‹በሊባኖስ የተሠራ› ይላል። ዋናው አይደለም፤ የውጭ ቅጂ ነው። በጅምላ ጥቂት ብር እሰጥዎታለሁ።» ነገር ግን ከሁሉ በታች የነበረውን አንድ ትልቅ ሸክላ፣ «ኧረ መላ መላ» የተባለውን የማሕሙድ አህመድን ሥራ፣ ባየ ጊዜ ዐይኑ በራ። ሽፋኑ ያማረ፣ ጠርዙ ያልተበላ ነበር። ለዚህ ለብቻው ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ዋጋ አቀረበ። እሑድ ለሰንበቴ ገበያ ወርዶ ሰኞ እንደሚመለስ ነግሯቸው ሄደ።

ማታ አዴ አስጠሩኝና «ልጄ፣ አንተ ወረቀት ስታነብ የምትውል ሰው ነህ፤ እስቲ ይህንንም አንብብልኝ» አሉኝ። ሸክላ መሰብሰብ ከተማሪነቴ ጀምሮ የምወደው ነገር ስለ ሆነ ደስ እያለኝ ተቀመጥሁ።

አንባብያን ሆይ፣ እናንተም ከእኔ ጋር ሣጥኑን ክፈቱት።

ከሁሉ አስቀድሞ ሸክላው ከምን እንደ ተሠራ ተመልከቱ። ከሣጥኑ ውስጥ አንዱ ከባድና ወፍራም ነበር፤ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚዞር ነው። እንዲህ ያለው የድሮ ሸክላ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነው። ሼላክ በህንድና በአጎራባቿ አገሮች በዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ከሚኖር አንድ ደቃቅ ነፍሳት የሚገኝ ነው። ከተፈጨ ድንጋይና ከጥቀርሻ ጋር ተደባልቆ ይጋገራል። ቢወድቅ እንደ እንስራ ይሰበራል፤ ስለዚህ እኛ «ሸክላ» ማለታችን የሚያስደንቅ አይደለም። በ1948 ኮሎምቢያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በደቂቃ 33 ጊዜና ሲሶ የሚዞረውን ትልቁን ሸክላ፣ በ1949 ደግሞ አር ሲ ኤ 45 ጊዜ የሚዞረውን ትንሹን ሸክላ ለገበያ አወጡ። ከዚያ ወዲህ ሼላኩ ቀርቶ ቪኒል የተባለው ፕላስቲክ ቦታውን ያዘ። ቪኒል ቀላል ነው፤ ጥቂት ይለምጣል፤ በቀላሉም አይሰበርም። በጥፍራችሁ ቀስ ብላችሁ ብትመቱት ሼላኩ እንደ ሳሕን ሲጮኽ ቪኒሉ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። እንግዲህ ዕቃውን በመንካት ብቻ ዘመኑን በግምት ማወቅ ይቻላል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር አሠራሩን ማወቅ ነው፤ አሠራሩን ያላወቀ ምልክቱን አያነብምና። ዘፈኑ መጀመሪያ በቴፕ ይቀረጻል። ቴፑ ወደ መቅረጫ ክፍል ሲሄድ አንድ መኪና በጋለ ሹል መርፌ ድምፁን ላኬር በተቀባ የአሉሚኒየም ሰሌዳ ላይ ይቀርጸዋል። በሸክላ ላይ ብዙ መስለው የሚታዩት መስመሮች በእውነቱ በአንድ ገጽ አንድ መስመር ብቻ ናቸው፤ ከጠርዝ ተነሥቶ እየዞረ ወደ መሃል ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሰሌዳው ስስ ብር ይቀባና በኤሌክትሪክ ኃይል ኒኬል ይለበጣል። ኒኬሉ ሲላቀቅ በሰሌዳው ላይ ጐድጓዳ የነበረው በኒኬሉ ላይ ጕብታ ሆኖ ይገኛል፤ ይህን ባለሙያዎቹ «አባት» ይሉታል። ከአባት «እናት» ትወጣለች፤ ከእናት ደግሞ ብዙ ማተሚያዎች ይወጣሉ። አንድ ማተሚያ አንድ ሺህ ወይም ከዚያ በላይ ሸክላ ካተመ በኋላ ይደክምና በሌላ ይተካል።

በመጨረሻም የሞቀው ቪኒል እንደ ሊጥ ድብልብል ሆኖ በሁለት ማተሚያዎች መካከል ይቀመጣል። ክቡ ወረቀት ከላይና ከታች ይደረጋል። በእንፋሎት የጋለው መኪና በብርቱ ኃይል ይጫነዋል፤ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ውሃ በመኪናው ውስጥ ያልፍና ሸክላው ይጠነክራል። ይህ ሁሉ የሚፈጀው ግማሽ ደቂቃ ያህል ነው። ልብ በሉ፤ ወረቀቱ በሙጫ የተለጠፈ አይደለም፤ በሙቀትና በጫና ከቪኒሉ ጋር የተዋሐደ ነው። ስለዚህ ከቪኒል የታተመ ሸክላ ወረቀቱ በጥፍር ተነሥቶ የሚላቀቅ፣ ከሥሩም ሙጫ የሚታይበት ከሆነ፣ አንድ ሰው በኋላ እንደ ነካካው ጠርጥሩ።

ከዚህ አሠራር የምንማረው ትልቅ ነገር አለ። «ይህ ሸክላ የት ተሠራ?» የሚለው ጥያቄ አንድ ጥያቄ አይደለም፤ አራት ነው። ዘፈኑ የት ተቀረጸ? ሰሌዳው የት ተቈረጠ? ሸክላው የት ታተመ? ባለቤቱስ ማን ነው? አራቱ መልሶች አራት ልዩ ልዩ አገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱን መልስ ይዞ የቀሩትን የሚዘነጋ ሰው ሳይዋሽ ሊሳሳት፣ ወይም እያወቀ ሊያሳስት ይችላል።

መዝገብ ቤት የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። የደብዳቤው አርእስት የመሥሪያ ቤቱን ስም ይናገራል፤ ነገር ግን ደብዳቤውን የሚያስረዳው በራስጌው ያለው ቍጥር፣ ቀኑና ማኅተሙ ነው። የሸክላውም ክብ ወረቀት እንደ ደብዳቤው አርእስት ነው። የድርጅቱን ስም፣ የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ስምና የድርጅቱን ተራ ቍጥር ይዟል። የአምሃ ትንንሽ ሸክላዎች ከቍጥራቸው በፊት «ኤ» እና «ኢ» የሚሉ ፊደሎች አሏቸው፤ የካይፋዎቹ «ኬ» እና «ኤፍ» ናቸው። ይህ ቍጥር የባለቤቱ ቍጥር እንጂ የፋብሪካው ቍጥር አይደለም።

የፋብሪካውን ቍጥር ለማግኘት ሸክላውን ከመብራት በታች ያዙትና አዘንብሉት። የመጨረሻው ዘፈን ካለቀበት እስከ ክቡ ወረቀት ድረስ ልሙጥ ቀለበት ታያላችሁ። በዚያ ልሙጥ ስፍራ በእጅ የተጫረ ወይም በብረት የተመታ ደቃቅ ቍጥርና ፊደል አለ። ይህ የተጻፈው በሸክላው ላይ ሳይሆን፣ ገና በሰሌዳው ላይ ሳለ ወይም በኒኬሉ ላይ ነው፤ ስለዚህ ከድምፁ ጋር አብሮ የታተመ ነው። ወረቀት ይቀየራል፣ ሽፋን ይለወጣል፤ ይህን ቍጥር ግን ሸክላውን ሳያበላሹ መለወጥ አይቻልም። አንዳንድ ጊዜ አንድ ቍጥር ተሰርዞ በአጠገቡ ሌላ ተጽፎ ታያላችሁ፤ ያ ሰሌዳ ሥራው ከአንድ ድርጅት ወይም ከአንድ እትም ወደ ሌላ መተላለፉን ይጠቁማል።

አንዳንዶቹ ፋብሪካዎች ምስጢራዊ ፊደል ነበራቸው። ለምሳሌ ያህል በእንግሊዝ አገር የኢ ኤም አይ ኩባንያ ማተሚያዎቹን የሚቈጥረው «ግራሞፎን» ከሚለው የኩባንያው የጥንት ስም በወጡ ዐሥር የእንግሊዝኛ ፊደሎች ነበር፤ «ጂ» አንድ፣ «አር» ሁለት፣ «ኤ» ሦስት፣ «ኤም» አራት፣ «ኦ» አምስት፣ «ፒ» ስድስት፣ «ኤች» ሰባት፣ «ኤል» ስምንት፣ «ቲ» ዘጠኝ፣ «ዲ» ደግሞ ዜሮ ነው። ዋናው ቍጥር በስተታች እንዲሆን ሸክላውን ብትይዙት፣ በስተግራ ያለው አኃዝ የስንተኛዋ እናት ልጅ እንደ ሆነ፣ በስተቀኝ ያለው ፊደል ደግሞ በስንተኛው ማተሚያ እንደ ታተመ ይነግራችኋል። እንዲህ የተሟላ የትውልድ ሐረግ ያለው ሰው እንኳ ጥቂት ነው!

«በእገሌ አገር የተሠራ» የሚለው ጽሕፈትስ? ይህ የመጣው ከሙዚቃ ሳይሆን ከጕምሩክ ሕግ ነው። እንግሊዝ በ1887፣ አሜሪካም በ1890 ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የአገር ስም እንዲጻፍ የሚያስገድዱ ሕጎችን አወጡ፤ ልማዱም በዓለም ሁሉ ተስፋፋ። እንግዲህ ይህ ጽሕፈት ዕቃው የተሠራበትን ፋብሪካ አገር እንጂ የድምፁን ዜግነት አይናገርም። በህንድ ያየን እንደ ሆነ፣ በካልካታ ከተማ ከ1908 ጀምሮ ሸክላ የሚያትም ፋብሪካ ነበር። ከዚያ የወጣ ሸክላ ሁሉ የህንድ ዘፈን ነው የሚል ሰው አለን?

ሦስተኛው ምስክር ሽፋኑ ነው። በገበያ ዕቃ ላይ የምታዩት ባለ ጥቋቍር መስመር ምልክት፣ ባርኮድ የሚባለው፣ በአሜሪካ አገር በሱቅ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በመኪና የተነበበው በ1974 ነው፤ በሸክላ ሽፋን ላይ መታተም የተለመደው ግን ከዚያ ብዙ ዓመታት ቈይቶ ነው። እንዲሁም በሽፋን ላይ የኢንተርኔት አድራሻ ካያችሁ ነገሩ አለቀ። አንድ ምስክር ብቻውን አይበቃም፤ ሽፋን ከሌላ ሸክላ ላይ ተወስዶ ሊሆን ይችላልና። ዕቃው፣ ልሙጡ ቀለበት፣ ወረቀቱና ሽፋኑ ሲስማሙ ግን ማመን ይቻላል።

በዚያች ማታ ይህን ሁሉ ምርመራ በአንድ ኩራዝ መሳይ የእጅ ባትሪ አደረግሁ። ከ14ቱ ስምንቱ የኢትዮጵያ ትንንሽ ሸክላዎች ነበሩ። የቀሩት ከአንዱ ትልቅ በስተቀር የህንድና የዐረብ ዘፈኖች ናቸው። በስምንቱ ላይ በወረቀቱ ያለው ቍጥርና በልሙጡ ስፍራ የተጫረው ቍጥር ይስማማሉ፤ ወረቀታቸውም ከቪኒሉ ጋር የተዋሐደ ነው። አንዱ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ከወረቀቱ ጠርዝ «በሊባኖስ የተሠራ» ይላል። ገዢው ቅጂ ለመሆኑ ማስረጃ ያደረገው ይህንኑ ነበር። ነገር ግን ከላይ እንደ ነገርኋችሁ የአምሃ ሸክላ መጀመሪያም የታተመው በውጭ አገር ነው። የሊባኖስ ስም ዋጋውን የሚቀንስ ሳይሆን ዋናው እትም ለመሆኑ የሚመሰክር ነበር።

ቀጥሎ ትልቁን አነሣሁ። «ኧረ መላ መላ» በአዲስ አበባ በካይፋ የወጣው በ1975 ነው፤ በ1986 በብራስልስ ክራምድ ዲስክስ የተባለ ድርጅት ለአውሮፓ ሰሚ አሳትሞታል፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ገና ታትሟል። የአዴ ሸክላ ጀርባው ላይ ባርኮድ ነበረበት። በልሙጡ ስፍራ ያለው ቍጥርም ካይፋ ከሚጠቀምበት ቍጥር ጋር አይገናኝም። አዴን ጠየቅኋቸው፤ ጥቂት አስበው አንድ ዘመዳቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ከውጭ አገር ሲመለስ ለመታሰቢያ ያመጣላቸው መሆኑ ትዝ አላቸው። ያማረውና ውድ የተባለው፣ ከሁሉ ይልቅ ልጅ የነበረው እርሱ ነው።

ሁኔታውን ለአዴ እንዳለ ነገርኋቸው። አንድ ነገር ግን ሳልናገር ቀርቼ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ይበልጥ እንደ ነበረ እርሳቸውም እኔም ዐውቀናል። ገዢው ራሱ ነው ትልቁን ዋና ያለው፤ እኛ አልዋሸንም። ፍራሹና ብርድ ልብሱ ከዚያ ዋጋ ይወጣ ነበር። አዴ ሣጥኑን እያዩ ዝም ብለው ቈዩና እንዲህ አሉኝ፤ «እርሱ ዋናውን ቅጂ ነው ማለቱ ሐሰት ነው አልኸኝ። እኛ ደግሞ ቅጂውን ዋና ነው ብሎ ሲወስደው ዝም ብንል ምን ልንባል ነው? ሁለቱንም ንገረው፤ ልጄ።»

ሰኞ ገዢው ሲመለስ ሁለቱንም ነገርሁት። የተጫሩትን ቍጥሮች በእጅ ባትሪ አሳየሁት፤ ባርኮዱንም አሳየሁት። መጀመሪያ ተቈጣ፤ ኋላ ሸክላውን ተቀብሎ ራሱ አዘንብሎ አየ። ለትልቁ የሰጠውን ዋጋ አወረደ፤ ለትንንሾቹም ከፍ አደረገ። ሁለቱ ሲደመሩ መጀመሪያ ካሰበው ጠቅላላ ገንዘብ ብዙም አልራቁም። አዴ ሰባቱን ትንንሾች ሸጡ። ስምንተኛውን፣ ባለቤታቸው ማታ ሻይ ቤቱን ከመዝጋታቸው በፊት የሚያሰሙትን፣ አልሸጡም፤ ትልቁንም ለመታሰቢያ አስቀሩት። ልጅቱ በመስከረም ሄደች፤ ብርድ ልብሷ ግን አዲስ ሳይሆን የአያቷ ነው።

አንባብያን ሆይ፣ ምናልባት «እኛ ሸክላ የለንም፤ ይህ ምን ይጠቅመናል?» ትሉ ይሆናል። ወላጆቻችሁ ዘንድ ስትሄዱ ከአልጋ ሥርና ከቆጥ ላይ ፈልጉ። ያገኛችሁ እንደ ሆነ በሳሙናና በሻካራ ጨርቅ አትፈትጉት፤ በለስላሳ ጨርቅ አቧራውን ጥረጉ። ቪኒል ሙቀት ያጣምመዋልና እንደ ጨፋ ባለ ቈላማ አገር ከፀሐይና ከቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አርቁት፤ እንደ መጽሐፍም አቁማችሁ አስቀምጡት፤ አትደራርቡት። ከሁሉ በላይ ግን ደብተር ይዛችሁ ጻፉ፤ የዘፋኙን ስም፣ የድርጅቱን ስም፣ የወረቀቱን ቍጥር፣ በልሙጡ ስፍራ የተጫረውን ቍጥር፣ የተሠራበትን አገር፣ የተገኘበትን ከተማ፣ ባለቤቱም እንዴት እንዳገኘው። ዘፋኞቹና አሳታሚዎቹ እያለፉ ነው፤ ሸክላዎቹም እየተሸጡ ከአገር እየወጡ ነው። መሸጥ ነውር አይደለም፤ ሳይመዘገብ መሄዱ ግን ጉዳት ነው።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ያን ጊዜ የታተሙት ትንንሾቹ 500 ገደማ፣ ትልልቆቹም 30 ገደማ ናቸው ብያችኋለሁ። ይህ በአንድ መዝገብ ቤት በአንድ ወር ከሚገባው ደብዳቤ የሚበልጥ አይደለም። ጥቂት ትጉ ተማሪዎችና ጸሐፊዎች እያንዳንዳቸው በየከተማቸው ያገኙትን ቢመዘግቡ፣ ወደፊት አንዲት አረጋዊት እናት «እስቲ ይህን አንብብልኝ» ስትል ማንም ሰው እያገላበጠ በእርግጠኝነት ሊያነብላት ይችላል።